ስለ ትዝታ መጻሕፍቶቻችን ጥቂት አስተያየት

ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ወደ መርካቶ የሚወርድ መንገደኛ ብዙ ጊዜ መንገዱ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ነው። ሸክሙን ያነገበ ወዛደር፥ ለልጆቹ ልብስ ሊገዛ የመጣ ባላገር፥ ደብተሩን በብብቱ የያዘ ተማሪ፥ ሁሉም በዚያ ያልፋል። የታክሲ ረዳት የድልድዩን ስም በቀን መቶ ጊዜ ይጠራዋል። ዳሩ ግን ከዚህ ሁሉ አላፊ አግዳሚ መካከል አንዱን አቁመን፥ «ሀብተ ጊዮርጊስ ማን ነበሩ?» ብለን ብንጠይቀው፥ ደኅና መልስ የሚሰጠን ጥቂቱ ነው። ስሙ የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል፤ ሰውዬው ግን ከስሙ ውስጥ ወጥተው ሄደዋል።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፥ በቅጽል ስማቸው አባ መላ፥ በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በሾሙ ጊዜ የጦር ሚኒስትር ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው፥ እስከ ታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. ድረስ፥ ከመንግሥቱ ምሰሶዎች አንዱ የነበሩ ሰው ናቸው። የእኚህን ታላቅ ሰው ትዝታ በራሳቸው ቃል ተጽፎ እናነበው ዘንድ አልታደልንም። ልጅነታቸው እንዴት እንደ ነበረ፥ በመንገድ ላይ ምን እንዳዩ፥ በቤታቸው ምን ይወዱና ምን ይጠሉ እንደ ነበረ ከእሳቸው አንደበት አልሰማንም። ስለ እሳቸው የምናውቀውን አብዛኛውን ነገር የለቀምነው ሌሎች ሰዎች ከጻፉት ማስታወሻ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው የራሱን ሕይወት ጽፎ ሲያልፍ ራሱን ብቻ እንደማያተርፍ ከዚህ እንረዳለን፤ በዙሪያው የነበሩትንና መጻፍ ያልቻሉትን ወይም ያልፈለጉትን ሁሉ አብሮ ያተርፋል። ስለዚህ የትዝታ መጻሕፍቶቻችንን መመርመር፥ መልካሙን መልካም፥ ጉድለቱን ጉድለት ማለት፥ ለአንባቢም ለጸሐፊም የሚጠቅም ሥራ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ የመጻሕፍቱን ርእስ እንመልከት። የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ መጽሐፍ «ካየሁትና ከሰማሁት» ይላል። የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ «ካየሁትና ከማስታውሰው» ይባላል። ደጃዝማች ከበደ ተሰማ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙትን «የታሪክ ማስታወሻ» ብለውታል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1985 ዓ.ም. ያወጡትን በአንድ ቃል ብቻ «ትዝታ» ብለው ሰይመውታል። እነዚህን ርእሶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ላነበበ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል፤ ጸሐፊዎቹ ሁሉ ከደጃፉ ላይ ሆነው ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስላሉ። «እኔ እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ» የሚል የለም፤ «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይቻለሁ» ነው የሚሉት። ጸሐፊው በሸንጎ ፊት እንደ ቆመ ምስክር ነው።

ይህ ያለ ምክንያት የሆነ አይደለም። የቆየው ጽሑፋችን የሰውን ሕይወት የሚተርክበት ሁለት ትልልቅ መንገዶች ነበሩት፤ ገድልና ዜና መዋዕል። ገድል የቅዱሱን፥ ዜና መዋዕል የንጉሡን ሕይወት ይነግራል። በሁለቱም ዘንድ የሚተረክለት ሰው ራሱ ጸሐፊ አይደለም፤ ደቀ መዝሙሩ ወይም ጸሐፌ ትእዛዙ ነው የሚጽፍለት። ራሱን በራሱ የሚያወሳ ሰው ራሱን እንደሚያመሰግን ይቆጠር ነበርና፥ ጨዋ ሰው «እኔ» ማለትን ይፈራል። በዚህ ባህል ያደጉ አባቶች በሃያኛው ምእት ዓመት ብዕር አንሥተው የራሳቸውን ሕይወት ለመጻፍ ሲነሡ፥ የምስክርነትን መጐናጸፊያ ቢለብሱ አይፈረድባቸውም። ትሕትናው የሚመሰገን ነው። ሆኖም ትሕትናው አንድ ዕዳ አስከትሏል፤ ይኸውም ጸሐፊው ስለ አደባባዩ ሲመሰክር ቤቱን ዘግቶ መውጣቱ ነው።

ከዚህ ልማድ በግልጽ የወጡት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። መጽሐፋቸው «ኦቶባዮግራፊ» የሚለውን የባዕድ ቃል «የሕይወቴ ታሪክ» ከሚለው ጋር አስተባብሮ ይዟል። ለነገሩ የሚሆን የቆየ ስም በአገር ቋንቋ ሳያገኙ የቀሩ ይመስላል። እኚህ ሰው በሐረር በራስ መኰንን ቤት ያደጉ፥ ገና ልጅ ሳሉ የዐድዋን ዘመቻ የተከተሉ፥ ከዚያም ወደ መስኮብ አገር ተልከው በዚያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ ናቸው። ተመልሰው በአገራቸው በልዩ ልዩ ሹመት አገልግለዋል፤ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፤ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለአገራቸው ተከራክረዋል። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ደራሲም እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድ የደረሱ ስለ ሆኑ፥ በዚያ ቤት የብዕር ፍቅር ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ርስት ነበር ለማለት ይቻላል።

ይህን ሁሉ የሹመትና የሥራ ዝርዝር ያነበበ ሰው መጽሐፉ የሚጣፍጠው በሹመቱ በኩል ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን በበኩሌ የመጽሐፉ ነፍስ በልጅነቱ ክፍል ውስጥ ናት እላለሁ። አንድ የኢትዮጵያ ልጅ ከዘመዶቹ ተለይቶ፥ ቋንቋውን ወደማያውቀው፥ ብርዱ ወደሚያስፈራው አገር ሲሄድ፥ ሰዎቹ እንደ ልጃቸው አድርገው ሲያሳድጉት፥ ከዓመታት በኋላም አገሩን እንደ አገሬውም እንደ እንግዳም ሆኖ ሲያያት፥ አንባቢ መጽሐፉን ሊያስቀምጠው አይችልም። ጸሐፊው በኋላ ወደ መንግሥት ሥራ ገብተው ከሹማምንት ጋር የተከራከሩበትን ሲጽፉ፥ ቃላቸው እንደ ጠበቃ ቃል ይሆናል፤ እኔ ትክክል ነበርሁ፥ እገሌ ተሳስቶ ነበር ወደሚለው ያዘነብላል። ክርክሩ ለታሪክ ተመራማሪ ሊጠቅም ይችላል። ዳሩ ግን የሙግቱ ጉዳይ ካለቀ ዘመን አልፎታል፤ የዚያ ብቸኛ ልጅ ልብ ግን ዛሬም ልጁን ወደ ውጭ አገር ለሚልክ ወላጅ ሁሉ የሚናገረው አለው።

አንድ መንገድ ሁለት ሰዎች ሄደውበት ሁለቱም የጻፉበት አጋጣሚ በጽሑፋችን ብዙ አይገኝም፤ ሲገኝ ግን እጅግ የሚያስተምር ነው። በ1928 ዓ.ም. ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ሽሬ ሲዘምቱ፥ ሐዲስ ዓለማየሁ ከዘማቾቹ አንዱ፥ ገና ወጣት አስተማሪ ነበሩ። ጦሩ ከተመለሰ በኋላ ሁለቱም ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወርደው በመጨረሻ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ በጠላት እጅ ወደቁ፤ ተግዘውም ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ። ስለዚህ «ካየሁትና ከማስታውሰው» እና «ትዝታ» አንዱን መከራ ከሁለት ዓይን ያሳዩናል። አንደኛው የአዛዥ ዓይን ነው፤ ለሠራዊቱና ለአገሩ በኃላፊነት የሚጠየቅ ሰው እያንዳንዱን ቃል መዝኖ ይናገራል። ሁለተኛው በሰልፉ ውስጥ የሚሄድ ወጣት ዓይን ነው፤ ያውም በኋላ ዘመን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚጽፍ ሰው ዓይን። መምህራን በክፍል ውስጥ እነዚህን ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን ቢያስነብቡ፥ ተማሪው ታሪክንና ሥነ ጽሑፍን ባንድ ጊዜ ይማራል፤ እውነት አንድ ሆና ሳለች የተመልካቹ መቆሚያ መልኳን እንዴት እንደሚለውጠው ያስተውላል። ከሁለቱ አንዱ ባይጻፍ ኖሮ የሁለተኛው ጥቅም በግማሽ በቀነሰ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ጉድለቶቻችን ልመለስ። የመጀመሪያው ጉድለት ጸሐፊዎቻችን ስለ ብዕራቸው ዝም ማለታቸው ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን የመሰለ የመጽሐፍ ወዳጅ በዘመኑ አልነበረም ብል የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም። በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ»ን አሳተሙ፤ በ1915 ዓ.ም. የሌሎችን ሰዎች የሕይወት ታሪክ ሰብስበው ለኋላ ልጆች ማስታወሻ አደረጉ፤ በ1924 ዓ.ም. ለመልእክት ወደ ጃፓን ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ጻፉ፤ ጎሐ ጽባሕ የተባለውንም ማተሚያ ቤት አቋቋሙ። ከመርሐ ቤቴ ገጠር ተነሥቶ፥ በእንጦጦ ራጉኤል ተምሮ፥ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን ለደረሰ ሰው፥ በዚያ ሁሉ የመንግሥት ሥራ መካከል ጊዜ ሰርቆ ሌት የሚያስጽፈው ፍቅር ምን ነበር? የትኛው መምህር፥ የትኛው መጽሐፍ፥ የትኛው ሌሊት ነው ልባቸውን የያዘው? እንዲህ ያለውን ነገር አንባቢ ከደራሲ ሁሉ አስቀድሞ ለመስማት የሚጓጓ ሲሆን፥ አባቶቻችን ግን እንደ ትርፍ ነገር እያዩ ባጭሩ ያልፉታል። ሥራቸውን ይቆጥሩልናል፤ ፍቅራቸውን ይደብቁናል። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ደራሲ አይሆንም፤ እንዴት እንደሚኮን የሚነግረን ግን የሆነው ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ስለ እናት ነው። በብዙዎቹ የትዝታ መጻሕፍቶቻችን የአባት ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ የእናት ስም አንድ ጊዜ ይጠራና ከዚያ በኋላ ወደ ጓዳ ይመለሳል። አውግስጢኖስ ዘሂጶ፥ እርሱም የአፍሪካ ልጅ፥ በአራተኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ገደማ ኑዛዜውን ሲጽፍ እናቱን ሞኒካን የመጽሐፉ ምሰሶ አድርጓታል፤ እንባዋንና ጸሎቷን፥ ባሕር ተሻግራ ልጇን መከተሏን፥ በመጨረሻም መሞቷን ሳያፍር ጽፏል። መጽሐፉ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በኋላ ዛሬም የሚነበብበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። የእኛ እናቶች ከሞኒካ ያነሰ አላለቀሱም፤ ያነሰም አልጸለዩም። ልጃቸው ሲዘምት ስንቅ ያዘጋጁ፥ ለትምህርት ሲሄድ ዳቦ ቆሎ የቋጠሩ እነሱ ናቸው። መጽሐፉ ስንቁን የበላውን ሰው እንጂ የቋጠረችውን እጅ ሳያሳየን ሲቀር፥ ነገሩ ጎደሎ ነው።

ሦስተኛው ጉድለት የጸሐፊዎቹ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው፤ መዘግየት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በስደት ሳሉ በመስከረም 1931 ዓ.ም. አረፉ፤ «የሕይወቴ ታሪክ» ታትሞ ለአንባቢ የደረሰው ግን በ1999 ዓ.ም. ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በ1969 ዓ.ም. አርፈው መጽሐፋቸው የታተመው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ራስ እምሩ በ1972 ዓ.ም. አርፈው መጽሐፋቸው በ2002 ዓ.ም. ወጣ። ዘመኑ የለውጥና የሥጋት ዘመን ስለ ነበረ፥ ጽሑፎቹን ደብቀው ያቆዩ ቤተሰቦች ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባቸውም። ይሁን እንጂ በሣጥን ውስጥ የቆየ ጽሑፍ የሚያጣው ነገር አለ፤ «እኔም ነበርሁ፥ ነገሩ እንዲህ አልነበረም» ብሎ የሚመልስለትን የዘመን ጓደኛውን ያጣል። የደረሰልን ይህ ሲሆን፥ በሣጥን ሳለ ምስጥ የበላው፥ በስደት የጠፋው፥ በፍርሃት የተቃጠለው ምን ያህል ይሆን?

እነዚህን ጉድለቶች የሚያርም አንድ መጽሐፍ ግን አለን። ደራሲው መንግሥቱ ለማ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ»ን አሳተሙ። አለቃ ለማ የደራሲው አባት፥ የቅኔ ሊቅ ነበሩ። ልጅየው በአውሮፓ ተምረው የመጡ፥ በግጥምና በቴአትር የታወቁ ሲሆኑ፥ የአባታቸውን ትዝታ ከአባታቸው አንደበት ተቀብለው አባትየው በተናገሩበት ለዛ ለመጽሐፍ አበቁት። በዚህ ሥራ ውስጥ ሦስት ነገር አብሮ ይገኛል፤ ቤተሰብ አለ፥ ምክንያቱም አድማጩ ልጅ ነው፤ መንገድ አለ፥ ምክንያቱም የጥንቱ ተማሪ ትምህርት ፍለጋ አገር ለአገር የሚዞር ነው፤ የቃል ፍቅር አለ፥ ምክንያቱም ተናጋሪው ባለ ቅኔ ነው።

የዚህ መጽሐፍ ምስጢር ምን ይሆን? እኔ እንደሚመስለኝ፥ አባትየው የሚናገሩት ለትውልድ ወይም ለታሪክ አይደለም፤ ፊት ለፊታቸው ለተቀመጠው ለልጃቸው ነው። ለታሪክ የሚጽፍ ሰው ካባውን ይለብሳል፤ ለልጁ የሚያወራ ሰው ጋቢውን ለብሶ ይቀመጣል። ስለዚህ ንግግሩ ሳቅ ይገባዋል፥ ተረብ ይገባዋል፥ ስሕተትንም ማመን ይገባዋል። ከላይ ያነሣሁት «እኔ» የማለት ፍርሃትም በዚህ ይፈታል፤ አባት ለልጁ ስለ ራሱ ሲያወራ ራሱን አመሰገነ የሚለው የለምና። ልጅየውም ተምሬያለሁ ብለው የአባታቸውን ቃል በመጽሐፍ ቋንቋ አልለወጡትም። የተማረ ሰው ትልቁ ፈተና ይህ ነው፤ ያልተጻፈውን ሲጽፍ ማሳመር ያምረዋል፤ ሲያሳምረውም ይገድለዋል።

እዚህ ላይ፥ «የሽማግሌ ትዝታ ሁሉ ቢጻፍ ምን ይጠቅማል? ትዝታ ይሳሳታል፤ ሰው የጀግንነቱን እንጂ የሽንፈቱን አያወራም» የሚል ሰው ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ ትዝታ ይሳሳታል። ነገር ግን የአንድ ምስክር ስሕተት የሚታረመው በሁለተኛው ምስክር እንጂ በዝምታ አይደለም። ደግሞም የትዝታ መጽሐፍ ዋና ጥቅሙ ቀንና ዓመተ ምሕረት ማረጋገጥ ብቻ አይደለም፤ የዘመኑ ሰው ምን ያፍር እንደ ነበረ፥ ምን ያኮራው እንደ ነበረ፥ እንጀራውን እንዴት እንደ በላ፥ የማያውቀውን አገር እንዴት እንዳየ የምናገኘው ከዚያ ነው።

ሌላውን ስወቅስ የራሴን ሳልናገር ብቀር ፍርዴ ጎደሎ ይሆናል። አባቴ በ1940ዎቹ ገና ልጅ ሆነው ከገጠር በእግራቸው አዲስ አበባ ገብተው፥ በመርካቶ በተሸካሚነት ጀምረው በኋላ በንግድ የኖሩ ሰው ነበሩ። ገበያው በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ከተዛወረ በኋላ አዲስ ከተማ እየሰፋ ሲሄድ አይተዋል። ማታ ማታ እግራቸውን ሲታጠቡ ያወሩልኝ ነበር፤ ስለ መንገዱ፥ ስላሳደሯቸው ሰዎች፥ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ የመጀመሪያውን ሸክማቸውን ተሸክመው ስላለፉበት ቀን። እኔ የተማርሁት ልጃቸው፥ «ይህን አንድ ቀን እጽፈዋለሁ» እያልሁ ደብተር ገዛሁ። ደብተሩ ዛሬም አለ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የትውልድ መንደራቸው ስምና ከቤት የወጡበት ወር ተጽፏል፤ የቀረው ገጽ ነጭ ነው። አባቴ ካረፉ በኋላ ከማስታውሰው ልሞላው ብዙ ጊዜ ሞክሬ፥ የጻፍሁት ሁሉ የእኔ አነጋገር እንጂ የእሳቸው ሳይሆን ስለ ቀረ ቀደድሁት።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ብዕር ያለው ሹም ማስታወሻውን ሲጽፍ፥ ከስብሰባውና ከሹመቱ በፊት እናቱን፥ የመጀመሪያ መንገዱንና ያስተማረውን የኔታ ይጻፍ፤ አንባቢ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ይህንን ነው። መምህር ለተማሪዎቹ የድርሰት ሥራ ሲሰጥ፥ «ስለ ክረምት ጻፉ» ከማለት ይልቅ፥ «ዛሬ ማታ አያታችሁን ጠይቃችሁ ያሉትን በቃላቸው ጻፉ» ይበል። ተማሪም አባቱ ወይም እናቱ ሲናገሩ እንደ መንግሥቱ ለማ ጆሮውን ይስጥ፤ ቃላቸውንም አያርም።

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ዛሬም ሰውን ከወዲህ ወደዚያ ያሻግራል። በላዩ ላይ ከሚያልፉት ሽማግሌዎች እያንዳንዳቸው ገና ያልተጻፈ መጽሐፍ ይዘው ወደ ገበያው ይወርዳሉ። ማታ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የሚያዳምጣቸው ልጅ ቁጭ ብሎ ቢጠብቃቸው፥ ከስማቸው ሌላ የሚተርፍ ነገር ይኖራቸዋል።